መሪጌታና ሰባቱ ሽቦዎች

ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት የነበሩት ነገሥታት ቤታቸውን ይዘው ይዞሩ እንደ ነበር፣ ዜና መዋዕላቸውን ያነበበም፣ ካነበበ ሰው የሰማም ሁሉ ያውቀዋል። ክረምቱን በአንድ ስፍራ ከርመው፣ ጭቃው ደርቆ ወንዙ ሲጎድል፣ ነጋሪት ይጎሰምና ድንኳኑ ይነቀላል፤ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በግራ፣ ደጀኑ ከኋላ ሆኖ፣ ታቦቱ ከነካህናቱ፣ ወጥ ቤቱ ከነድስቱ፣ ጠጅ ቤቱ ከነጋኑ፣ ከተማው እንዳለ ተነሥቶ ይጓዛል፤ የሚሰፍርበትም አገር ማገዶውና እህሉ እስኪያልቅ ድረስ ንጉሥን በእንግድነት የመቀበልን ክብር እያቃሰተ ይቀበላል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆርቁረው ግንቡን በድንጋይና በኖራ ካሳነፁ ወዲህ ግን ያ ሁሉ ዙረት አበቃና፣ እኛ የከተማዪቱ ልጆች ቤት ማለት ከተቀመጠበት የማይነቃነቅ ነገር ነው ብለን አምነን ኖርን።

ይህን እምነታችንን፣ መንገዱ ደኅና በሆነ ዘመን ሁሉ እየመጣ የሚያናጋብን፣ ቤቱን በጎማ ላይ አቁሞ በመተማ በኩል የሚገባው ፈረንጅ ነው። ከካይሮ ተነሥቶ፣ በዋዲ ሐልፋና በካርቱም አልፎ፣ ከፍታው 1,000 ሜትር ከማይሞላው የመተማ ቆላ ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለችው ደጋችን ሲወጣ፣ አልጋውም፣ ምድጃውም፣ መጻሕፍቱም፣ ክቡር አንባቢ ይቅር ይበለኝና መጸዳጃውም ሳይቀር አብሮት ይወጣል። ወደ ደቡብ የሚወስደውን ረጅም መንገድ ከመቀጠሉ በፊትም፣ ውሃና ሣር ያለበትን መስፈሪያ መምረጥ ከጥንት የታወቀ ነውና፣ ዐፄ ሱስንዮስ መናገሻቸው አድርገውት ወደ ነበረው ወደ ጎርጎራ ወርዶ ጣና ዳር ይሰነብታል። ልዩነቱ ነጋሪት አለመኖሩና አገሬው እህል እንዲያወጣ አለመገደዱ ነው፤ እንዲያውም እንቁላሉንና ቲማቲሙን በገንዘቡ የሚገዛ፣ ዋጋውም ከፍ ሲልበት ብዙ የማይከራከር ሰፋሪ በመሆኑ፣ ከነገሥታቱ ይልቅ እርሱ ሳይወደድ አይቀርም።

እንግዲህ ወጌ ከነዚህ ቤት አዘል መኪኖች ስለ አንዷ ነው። ባለቤቶቿ ከሥራቸው በጡረታ የተሰናበቱ ጀርመናውያን ባልና ሚስት ነበሩ፤ መኪናዪቱም የአውሮፓ ቤት አዘሎች አብዛኞቹ በሚሠሩበት በፊያት ዱካቶ ላይ የተሠራች ነበረች። ከኋላዋ ሞተር ብስክሌት የምትሸከምበት ብረት ነበራት፤ ያ ብረት የሱዳንን በረሓ እየተሰነጠቀ ተሻግሮ፣ ጎንደር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው አዘዞ ላይ ተገነጠለ። አንድ የከተማችን በያጅ ሁኔታውን አየና፣ ከአንግል ብረትና ከአሮጌ መኪና አክስል ባለ ሁለት እግር ተሳቢ ሠራላቸው። የበያጆቻችን ወግ ነውና፣ አንዲት ሞተር ብስክሌት እንዲሸከም የታዘዘው ተሳቢ ጥንድ በሬ ከነቀንበሩ ቢጫንበት ወገቡ የማይጎብጥ ሆኖ ወጣ፤ በላዩም አረንጓዴ ቀለም ሁለት ጊዜ ተቀባ። መንጠቆው ተበየደ፣ ተሳቢው ተሰካ፣ በያጁ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ በዙሪያው የተሰበሰበውም ሕዝብ ነገሩ እንደ ተፈጸመ ቈጥሮ ሊበተን ነበር።

መጎተት ብቻ ቢሆንማ ለዚህ አገር ምን አዲስ ነገር አለው! የቋራው ካሣ፣ በደረስጌ ማርያም ቅብዐ መንግሥት ከተቀበሉ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ የአውሮፓ ጥበበኞች ጋፋት ላይ ያቀለጡላቸውን ሴባስቶፖልን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ አስጎትተውታል። ገደሉ እየተናደ፣ መንገዱ እየተደለደለ፣ በመቶ የሚቈጠር ሰው በጠፍር እየሳበው ወራት ፈጅቶ ደረሰ፤ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ይጠርጉ ነበር። ነገር ግን ለሴባስቶፖል የኋላ መብራት አላስፈለገውም። ከኋላው የሚከተል መኪና አልነበረም፤ እንግሊዞቹም ቢሆኑ በዙላ በኩል ነው የመጡት።

የዛሬ ተሳቢ ግን የጎታቹን ጀርባ ከነመብራቱ ይጋርዳል። ፊተኛው ፍሬን ሲይዝ ኋለኛው አላየም፤ ፊተኛው ወደ ግራ ልታጠፍ ነው ቢል ቃሉ ለራሱ ብቻ ቀረ፤ አዘዞ ቁልቁለት ላይ ከኋላ የሚመጣው ባጃጅ ይህን ሁሉ የሚረዳው አፍንጫው ከአረንጓዴው ብረት ጋር ሲሳሳም ይሆናል። ስለዚህ ፊተኛው ያሰበውን ሁሉ፣ ባሰበባት ቅጽበት፣ ለኋለኛው የሚነግር ሽቦ መዘርጋት ግድ ነው። ይህንንም ሊሠራ የሚችል ሰው ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ፣ ሕዝቡ ሳያመነታ ጣቱን ወደ ቀሐ ወንዝ ቁልቁል ቀሰረ፤ እኔም ትምህርት ቤት ዝግ የሆነበት ወራት ስለ ነበረና እንግሊዝኛዬ ከጀርመናዊው እንግሊዝኛ ጋር በስሕተቱ ሁሉ ስለሚስማማ፣ አስተርጓሚ ሆኜ ተከተልሁ።

ሕዝቡ የጠቆማቸው የመኪና ኤሌትሪክ ሠሪ፣ ኤሌትራውቶው፣ በልጅነታቸው ጎንደር በዓታ ሄደው አቋቋም የተማሩ፣ ነገር ግን ሳይመረቁ ወደ ጋራዥ የገቡ ሽማግሌ ናቸው። ጣሊያን ጎንደርን በ1928 ዓ.ም. ይዞ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ምሽጉ አድርጎ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ ፍሬኑን፣ ማርሹንና ፍሬቻውን ከነስማቸው ትቶልን ስለ ሄደ፣ ከጣሊያኖቹ የተማሩ መካኒኮች ነበሩ፤ የእኚህ ሰው መምህር ከነዚያ የአንዱ ደቀ መዝሙር ነበር። ሕዝቡ መሪጌታ ይላቸዋል። ማዕርጉን ማንም አልሰጣቸውም፤ እርሳቸውም «ተው» ብለው አያውቁም። ካቻቢቴ በያዘው እጃቸው አየሩን ሲከፍሉ ላየ ግን መቋሚያው የተለወጠ እንጂ ዝማሜው የቀረ አይመስለውም።

ጀርመናዊው ሰባት ቀዳዳ ያለውን ፕሬዛ አውጥቶ ሰጣቸው። ይህ ዕቃ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ዘንድ 1724 በሚል ቁጥር የተደነገገ፣ ለ12 ቮልት መኪና የሚሆን ነው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ቁጥር አለው፣ እያንዳንዱም ቁጥር ቀለም አለው። ደንቡን በወረቀት አንብቤ ልተረጉምላቸው ስጀምር መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፍነው አቋረጡኝ።

«መምህር፣ አይድከሙ። ይህ ነገር ማኅሌት ነው» አሉ። «ማኅሌት በሁለት ወገን ይቆማል። አንደኛው፣ ቢጫው፣ ግራ ጌታ ነው፤ የግራውን ፍሬቻ ይመራል። አራተኛው፣ አረንጓዴው፣ ቀኝ ጌታ ነው። ስድስተኛው ቀዩ ነው፤ ፍሬን በተረገጠ ጊዜ ግራውንም ቀኙንም ባንድነት የሚያነሣ እርሱ ስለ ሆነ መሪጌታ እንለዋለን። አምስተኛው ቡናማውና ሰባተኛው ጥቁሩ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጧፍ ይዘው የሚቆሙ ዲያቆናት ናቸው።»

«ሁለተኛው ሰማያዊውስ?»

«እርሱ የጉም መብራት ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ ለንግሥ ብቻ የሚመጣ ደብተራ ነው። ቢቀር ማኅሌቱ አይታጎልም።»

«ሦስተኛው ነጩስ?»

መሪጌታ ዐይናቸውን ገለጡ። «ነጩ ማሳው፣ መመለሻው ነው፤ እርሱ ገበዙ ነው። አይዘምርም፣ አይመራም፣ ማንም አያየውም። የሁሉንም ወጪ የሚመልሰው ግን እርሱ ነው። ገበዙ የጠፋ ዕለት ምን እንደሚሆን ዛሬ ሳናይ አንቀርም።»

ይህን ለጀርመናዊው እንዴት እንደ ተረጎምሁለት አንባቢ አይጠይቀኝ፤ «እሺ ይላሉ» አልሁት። ሚስቱ ግን አንድ ጥያቄ አነሣች፤ ወንድሟ በአሜሪካ አገር ተሳቢ እንዳለውና ሽቦዎቹ አራት ብቻ እንደ ሆኑ ነገረችን። በእውነትም በዚያ አገር ትንንሾቹ ተሳቢዎች ነጭ፣ ቡናማ፣ ቢጫና አረንጓዴ ብቻ አላቸው፤ ለፍሬኑ የተለየ ሽቦ የላቸውም፤ ቢጫው የግራውን ፍሬቻም ፍሬንም፣ አረንጓዴው የቀኙን ፍሬቻም ፍሬንም ባንድ አምፖል ይሠራሉ። ፍሬቻው ከፍሬኑ የተለየ መኪና እንዲህ ያለውን ተሳቢ ሊጎትት ሲፈልግ፣ ሁለቱን የሚያዋሕድ አስማሚ ዕቃ በመካከል ይገባል። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን አጨፈገጉ። ግራ ጌትነትንና መሪጌትነትን ለአንድ ሰው ደርቦ መስጠት በደብሩ ላይ ምን ያህል ክርክር እንደሚያመጣ ያውቃሉና፣ «ደመወዝ ለመቆጠብ ያደረጉት ነው» ብለው ፈረዱ። እኔም በዚህ ፍርድ እስማማለሁ።

ሥራው ተጀመረ። የመኪናዪቱ ነገር ግን ከቀደሙት ዘመናት ፊያቶች የተለየ ሆኖ ተገኘ፤ አእምሮ አላት። በውስጧ ያለው ኮምፒዩተር እያንዳንዱ አምፖል የሚስበውን ጉልበት ይቈጥራል፤ አንድ የፍሬን አምፖል 21 ዋት፣ በ12 ቮልትም 2 አምፔር የማይሞላ የሚወስድ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ የተሳቢው አምፖል በላዩ ሲደረብ «አላውቀውም» ብሎ በዳሽቦርዱ ላይ ይከሳል። መሪጌታ ክሱን ሦስት ጊዜ አዩና፣ ከቆርቆሮ ሣጥናቸው ሪሌዎች አወጡ። ሪሌ ማለት ከመኪናዪቱ ጥቂት ምልክት ብቻ ተቀብሎ፣ ዋናውን ጉልበት በፊውዝ በኩል ከባትሪው በቀጥታ የሚያመጣ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ምንም ሳይጎድልበት ተሳቢው ይበራል። ክሱም ተዘጋ። ጀርመናዊው በዚህ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆቡን አወለቀ።

አምፖል ያመጣልን ግን የጎረቤት ሰው ነው። በወጣትነቱ ፊያት 682 ኤንትሬን ከነተሳቢው በሊማሊሞ ሲያወጣና ሲያወርድ የኖረ፣ በዚህም ምክንያት ሠፈሩ ሁሉ «ጋሼ ኤንትሬ» የሚለው ሽማግሌ ነው፤ ነገሩን ከቡና ቤቱ በረንዳ ሲከታተል ቆይቶ፣ ከቤቱ በጋዜጣ የተጠቀለሉ አምፖሎች ይዞ መጣና በነጻ ሰጠ። ተገጠሙ። በሩም፤ ነገር ግን ብርሃናቸው ከእሳት ፍም የማያልፍ፣ ቀን በጣት ከልሎ ካልታየ የማይለይ ነበር። ለካ የጭነት መኪና ሁለት ባትሪ ቀጥሎ በ24 ቮልት የሚሠራ ስለ ሆነ አምፖሎቹም የዚያው ወገን ናቸው፤ በ12 ቮልት ሲጠሩ ግማሽ ልባቸውን እንኳ አይሰጡም። ጋሼ ኤንትሬ ስጦታው በመናቁ ቅር አለው። «በናንተ ቤት ያንሳል እንጂ በሊማሊሞ የበራ አምፖል ነው» ብሎ ጠቅልሎ ወሰደው፤ መሪጌታም አንድ ልጅ ወደ ፒያሳ ልከው የ12 ቮልቱን አስገዙ።

ከዚያ ወዲያ የመጣው የቀኝና የግራ ነገር ነው። በደንቡ ወረቀት ላይ የተሳለው ፕሬዛ ከፊት የሚታየው ነው፤ ሽቦ የሚታሰረው ግን ከጀርባው ነው፤ ስለዚህ ሥዕሉን እያየ ከጀርባ የሚያስር ሰው፣ ሁሉንም በተገላቢጦሽ ያስራል። ረዳቱ ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው። ጀርመናዊው ከመሪው ተቀምጦ ግራ ፍሬቻ ሲሰጥ ከኋላ ያልተጠራው በራ፤ ሌላም ሲሞከር አንድ ፊውዝ ተቃጠለና ጸጥታ ሆነ። በዚህ ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስ ቁጥሮቹ በየቀዳዳው ጀርባ ተቀርጸዋል፤ ቅርጹ ግን በጣም ረቂቅ ከመሆኑ የተነሣ መነጽር ለሌለው ሽማግሌ አይታይም፣ መነጽር ለማያስፈልገው ልጅ ደግሞ ማንበብ አይታየውም። መሪጌታ ልጁን አልተቆጡም። «ወደ መቅደስ የሚገባ ሰውና ከመቅደስ የሚወጣ ሰው ቀኛቸው አንድ አይደለም» አሉና ሰባቱን ፈትተው እንደ ገና አሰሩ።

አሁን ግራው ግራ፣ ቀኙም ቀኝ ሆነ። ይሁን እንጂ ፍሬን ሲረገጥ ሁለቱ ዲያቆናት ጧፋቸውን ያበሩ ጀመር፤ ግራ ፍሬቻ ሲሰጥ የቀኙ ወገን በዝግታ ያጅበው ጀመር፤ ሁሉም ባንድ ላይ ሲታዘዙ ሁሉም ባንድ ላይ ደከሙ። ሕዝቡ ሣቀ። በያጁ «የኔ ብረት ምንም የለበትም» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

«ገበዙ!» አሉ መሪጌታ፣ በደስታ ማለት ይቻላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከባትሪ የወጣ ጉልበት አምፖሉን አብርቶ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት፤ የመመለሻው መንገድ ነጩ ሽቦ ነው። ያ መንገድ ሲዘጋ ጉልበቱ ተስፋ ቆርጦ አይቀመጥም፤ በሌላው አምፖል በኩል፣ ከዚያም በሌላው በኩል ሾልኮ መውጫ ይፈልጋል። ስለዚህ የግራው ወገን ዜማ በቀኙ አፍ ይወጣል፤ መሪጌታው ሲያነሣ ዲያቆኑ ይመልሳል፤ ሁሉም ይዘምራል፣ የሚሰማ ግን የለም። ነጩ ሽቦ የታሰረውስ የት ነበር? ሁለት ጊዜ በተቀባው በዚያ ባማረ አረንጓዴ ቀለም ላይ! ቀለም ኤሌትሪክ አያሳልፍም፤ በመንጠቆው በኩል ያልፋል ማለትም በቅባትና በዝገት ላይ መታመን ነው።

መሪጌታ ሞረድ አንሥተው ቀለሙን ሊፍቁ ሲሉ በያጁ በመካከል ገባ። በሕይወቱ እንደዚህ የሚያምር ተሳቢ ሠርቶ እንደማያውቅ፣ ፈረንጆቹ ይህን ሥራውን በየአገሩ እንደሚያሳዩለት፣ የተፋቀ ብረት ይዘው ኬፕታውን ቢገቡ ጎንደር እንደምትሰደብ ተናገረ። ክርክሩ ረዘመ፤ ቡና መጣ፤ ከአቦል እስከ በረካ ተጠጣ። በመጨረሻም አንድ ሳንቲም በምታህል ስፍራ፣ ከሥር፣ ማንም በማያይበት በኩል እንዲፋቅ ተፈቀደ። ብረቱ ነጥቶ ታየ፣ ነጩ ሽቦ በብሎን ታሰረ፣ ውሃ እንዳይገባው ግራሶ ተቀባ። ወዲያው ማኅሌቱ ተስተካከለ፤ ሁሉም በየተራው፣ በየወገኑ፣ በሙሉ ብርሃኑ ሆነ።

የቀረው ሰማያዊው ሽቦ ነበር። መሪጌታ ናስትሮ ጠቅልለው ሊተዉት ሲሉ፣ በአምፖሉ ተቀይሞ የራቀው ጋሼ ኤንትሬ ከበረንዳው ተነሥቶ መጣና፣ ሰዎቹ ወዴት ናቸው ብሎ ጠየቀ። ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም በሊማሊሞ ወርደው ወደ ሽሬ መሆናቸውን ስነግረው፣ ሰማያዊው ሳይታሰር ከዚህ ንቅንቅ እንደማይሉ አወጀ። ደባርቅ ከኛ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ናት፤ ከዚያ ወዲያ ጣሊያን ከገደሉ ላይ ጠርቦ ያወጣው የሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ ክረምት ሲሆን ጉም ከሸለቆው ይነሣና ሹፌሩን የራሱን መኪና አፍንጫ እስኪያጣ ድረስ ይሸፍነዋል። በዚያ ጉም ውስጥ የራሱ የመኪና ረዳት ወርዶ፣ ነጭ ነጠላ ከኋላው ጥሎ፣ በእግሩ ከፊት እየመራ ስንት ኩርባ እንዳስወረደው ጋሼ ኤንትሬ ተረከልን። «ደብተራው የሚቀረው በናንተ ደብር ነው እንጂ በሊማሊሞስ በየቀኑ ንግሥ ነው» አለ። በዚህ ክርክር የሹፌሩ ወገን ሆኛለሁ፤ መሪጌታም ጥቂት አሰላስለው ናስትሮውን ፈቱና ሰማያዊውን አሰሩ።

ሒሳቡ ተከፈለ። ስለ ዋጋው የተባለውን አልጽፈውም፤ ሁለቱም ወገን እንደ ተጎዳ አድርጎ ነው የተለያየው፣ እርሱም የጨዋ ገበያ ምልክት ነው። ምርቃቱም ተሰጠ፤ ጀርመናዊው ሁለተኛ ጊዜ ቆቡን አወለቀና ከመሪው ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሁላችንም ጠባቧን የሠፈር መንገድ ያየናት። መዞሪያ የለም። ወደ ኋላ መውጣት ግድ ነው።

ተሳቢ የያዘ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ መሪውን ወደ ቀኝ ቢያዞሩ ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ተሳቢውም አጭር ከሆነ ሹፌሩ ስሕተቱን ሳይረዳ እርሱ ቀድሞ ታጥፎ ይገኛል። ጀርመናዊው ሞከረ፤ ተሳቢው ወደ ጠላ ቤቱ አጥር ሄደ። እንደ ገና ሞከረ፤ ወደ ቧንቧው ሄደ። ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ይመራዋል፤ ገሚሱ «ቀኝ ስበር!» ይላል፣ ገሚሱ «ግራ!» ይላል፣ ስለ መሪው ይናገሩ ስለ ተሳቢው ግን የሚለይ የለም። ጋሼ ኤንትሬ ወደ መስኮቱ ሄዶ «ውረድ ልጄ» አለው፤ እኔም «ይውረዱ ይላሉ» ብዬ ተረጎምሁ። ሽማግሌው ከመሪው ተቀመጠ፤ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ፤ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ በመስተዋቱ አየ፤ ዳሽቦርዱን አየ፤ አልጋውንም ዞሮ አየና «ይህ ሁሉ ቤት ተይዞ ነው እንዴ!» አለ። ከዚያም ወርዶ፣ ይህን ያህል አጭር ተሳቢ በመኪና መግፋት ልጅነት መሆኑን አስረድቶ፣ እንዲፈታ አዘዘ።

ስፒናው ተነቀለ፣ መንጠቆው ተፈታ፤ የሠፈሩ ጎረምሶች አረንጓዴውን ተሳቢ ከነሞተር ብስክሌቱ በእጃቸው እየገፉ «ሆ!» እያሉ ዋናው መንገድ ላይ አወጡት፤ መኪናዪቱም ባዶዋን ወደ ኋላ ወጣች። በያጁ ራሱ መንጠቆውን መልሶ ገጠመ፣ በእግሩም ረግጦ ፈተነው። ሚስትየው በመስኮት እጇን አወዛወዘች፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ መኪናዪቱ ፍሬቻ ሰጥታ ወደ ደባርቅ አቅጣጫ ተነሣች።

ከኋላ ምንም አልበራም። ረዳቱ ልጅ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ «ስፒናው! ኧረ ስፒናው!» እያለ በአስፋልቱ ላይ ይሮጥ ነበር።